ያልታየ ነገር ያስፈራል

አርባ ምንጭ ሴቻ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ደፍራሹ አባያና ጫሞ፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ ይታዩታል። አካባቢው ለዓይን ያማረ ቢሆንም ልጅ ላላት እናት ሐሳብ ነው፤ ውሃው አዞ አለበትና። ታዲያ ስንቶቻችን ነን ልጃችንን ከውሃው ለማራቅ ስንል አዞውን ትተን «እዚያ ያለው ነገር ይወስድሃል» የምንለው? ልጁ ቀን ሰምቶ ዝም ይላል። ሌሊት ግን ያንን «ነገር» አልጋው አጠገብ ያገኘዋል።

ስሙ ያልተነገረ፣ መልኩ ያልታየ ነገር በሰው ሐሳብ ውስጥ ያድጋል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ሰብለ ወንጌልን እያንዳንዱ አድማጭ በየዓይነ ኅሊናው ይስላት ነበር። የሙት መንፈስ ታሪክም እንዲሁ ነው። ስለዚህም እንዲህ ያለውን ልብ ወለድ ወደ ፊልም የሚለውጥ ባለሙያ «መንፈሱን ላሳይ ወይስ ልደብቅ?» ብሎ መጨነቁ አይቀርም።

የአራት ልጆች እናት የነበሩት አሜሪካዊት ደራሲ ወይዘሮ ሸርሊ ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1959 አንድ ልብ ወለድ አሳተሙ። ባለታሪኳ ኤሊኖር በሽተኛ እናቷን አሥራ አንድ ዓመት ስታስታምም የኖረች ሴት ናት። እናቷ በሞቱባት ሌሊት ግድግዳውን አንኳኩተው ቢጣሩም ሳትነሣ ቀርታለች። በኋላ መንፈስ አለበት በሚባል ቤት ስታድር ግድግዳው ይደበደባል።

ሮበርት ዋይዝ እ.ኤ.አ. በ1963 ይህንኑ መጽሐፍ በጥቁርና ነጭ ፊልም ሲሠራ መንፈሱን አንድም ጊዜ አላሳየም። ድብደባው ይሰማል፣ በሩ ወደ ውስጥ ይለጠጣል፤ የቀረውን ተመልካቹ በራሱ ሐሳብ ይሞላዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 እንደገና ሲሠራ ግን መንፈሱ በኮምፒዩተር ጥበብ ተሥሎ ታየ፤ ብዙ ሐያስያንም አልወደዱትም።

ከዚህ ለቤታችን ምን እንማራለን? እኛ ከሥራ ደክመን ገብተን ራት ስናሰናዳ ልጆች ከቴሌቪዥኑ ፊት ብቻቸውን ይቀመጣሉ። «ደም የለበትም፣ ጭራቅም አይታይበትም፤ ምንም አይላቸው» ብለን አንዘናጋ። ለአዋቂ ጥበብ የሆነው ድብቅነት ለሕፃን እንቅልፍ የሚነሣ ሸክም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አብረዋቸው ይቀመጡ፤ ሲያበቃም ምን እንዳዩ፣ ምን እንደ መሰላቸው ያናግሯቸው። ሌሊት ድምፅ ሰምቶ ቢጣራ «ዝም ብለህ ተኛ» አይበሉት፤ ተነሥተው መብራት ያብሩለትና የተንኳኳው መስኮት መሆኑን ያሳዩት። የኤሊኖርን ሕይወት ያጨለመው ያልተመለሰ ጥሪ እንደ ነበር አንርሳ።

የአባያንም ነገር እውነቱን እንንገራቸው፤ አዞ ምን እንደሚመስል፣ ለምን ወደ ዳር እንደማይቀርቡ እናስረዳቸው። የማይታወቅ ነገር ያስፈራል እንጂ አያስተምርም፤ የሚታወቅ አደጋ ግን ያስጠነቅቃል።