በስፓኝኛ ስም የሚካሄድ ንግድ

አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ በምን ቋንቋ ቀረበ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሥራውን ማን መረጠው፣ ማንስ በእጁ ያዘው የሚለው ጥያቄ ግን ከዚያ የሚያንስ አይደለም። ፓንታያ የተባለው፣ ፊልምን በኢንተርኔት መስመር የሚያሳይ የስፓኝኛ አገልግሎት በትልቅ ኩባንያ ሲዋጥ «ለስፓኝኛ ባህል ድል ነው» እያሉ ያጨበጨቡ ወገኖች የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ጠይቀው ሁለተኛውን ዘለሉት።

እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቆጠራ መሠረት በአሜሪካ 62 ሚሊዮን ያህል የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ይኖራሉ። በእርሻው፣ በሕንፃ ሥራውና በምግብ ቤቱ የሚደክመው ይህ ሕዝብ ለረዥም ዘመን በሆሊውድ ዓይን ከቁም ነገር የተቆጠረ አልነበረም። በ2013 ግን ሜክሲኳዊው ኤውኼኒዮ ዴርቤስ ያዘጋጀውና የተወነበት፣ ከአካፑልኮ ወደ ሎስ አንጀለስ ልጁን ይዞ የተሰደደ አባት ታሪክ የሆነው ፊልም በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ብቻ 44 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ስደተኛው የራሱን ሕይወት ለማየት ከኪሱ ገንዘብ እንደሚያወጣ ነጋዴው ያን ጊዜ ተረዳ። በነሐሴ 2017 ላየንስጌትና ሄሚስፌር የተባሉት ኩባንያዎች በወር 5 ዶላር ከ99 ሳንቲም የሚከፈልበትን ፓንታያን አቋቋሙ። ለአገልግሎቱ የሚገባውን ምስጋና መንፈግ አይገባም፤ በሰፈሩ ሲኒማ የአገሩን ፊልም ለማያገኘው ሠራተኛ የሜክሲኮን ሲኒማ እስከ እጅ ስልኩ አድርሶለታል።

ከዚህ በኋላ የተከተለው ግን የባለሀብቶች ልውውጥ ነው። በ2021 ሄሚስፌር የላየንስጌትን ሦስት አራተኛ ድርሻ ገዛ። በጥር 2022 የሜክሲኮው ቴሌቪዛ የፕሮግራም ክፍል ከአሜሪካው ዩኒቪዥን ጋር ተዋሐደ፤ በዚያው ዓመት ይኸው አዲስ ኩባንያ ፓንታያን ጠቀለለ። የተከፈለው ዋጋ ምን ነበር? ጥሬ ገንዘብና በፖርቶ ሪኮ የሚገኙ የራዲዮ ንብረቶች! የፊልም ጎተራ በራዲዮ ጣቢያ ሲመነዘር ተመልካቹን ያማከረ አልነበረም። ከዚህም በላይ የሚያስገርም ነገር አለ፤ ሰርችላይት የተባለው የመዋዕለ ንዋይ ድርጅት በሻጩም በገዢውም ወገን ባለድርሻ ነበር። ቀኝ እጅ ለግራ እጅ ሸጠ ማለት ነው። በ2023 ፓንታያ ቪክስ በተባለው የገዢው አገልግሎት ውስጥ ገብቶ ስሙም ጠፋ።

የውህደቱ ደጋፊዎች መከራከሪያ አያጡም። ትንሽ ድርጅት ኔትፍሊክስን ከመሰለ ግዙፍ ተቋም ጋር ሊፎካከር አይችልም ይላሉ፤ ቪክስም በነፃ የሚታይ ክፍል አለው ይላሉ። የሒሳቡ ክፍል እውነትነት አለው። ነገር ግን «ነፃ» የተባለው ዋጋ በማስታወቂያ የሚከፈል ሲሆን፣ ተመልካቹም ራሱ ለማስታወቂያ አስነጋሪው የሚሸጥ ሸቀጥ ይሆናል። ቴሌቪዛም ለዚህ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። በሃያኛው ምዕተ ዓመት የሜክሲኮን ቴሌቪዥን አንቆ የያዘ፣ ለረዥም ዘመን ከገዢው ፓርቲ ጎን የቆመ፣ ደኻዪቱ ልጅ ባለጸጋ አግብታ የምታልፍላትን ተከታታይ ድራማ ለዓለም ያከፋፈለ ቤት ነው። የስደተኛው ልጅ ከዚያ ቀመር የወጣ ድርሰት ቢጽፍ ቀድሞ የሚያንኳኳው ሁለት በር ነበረው፤ አንደኛው «አይሆንም» ቢለው ወደ ሁለተኛው ይሄድ ነበር። አሁን ከሁለቱ በሮች በስተጀርባ የተቀመጠው ሰው አንድ ነው። በዚህ ላይ ሁለቱም ወገኖች ስፓኝኛ መናገራቸው ለደራሲው ምን ይፈይድለታል?

የሚጠፋው ስም ብቻ ቢሆን ቅሬታው ቀላል በሆነ ነበር። ቀድሞ የቪዲዮ ካሴት የገዛ ሠራተኛ ካሴቱን በመደርደሪያው ላይ ያኖራል፤ ለልጁም ያሳያል፤ ለጎረቤትም ያውሳል። በየወሩ ይከፍል የነበረው የፓንታያ ደንበኛ ግን አገልግሎቱ በተዘጋ ዕለት በእጁ የቀረ አንድም ፊልም አልነበረውም።