መልኩ የሚያስፈራ ሕዋስ ሁሉ ካንሰር አይደለም

በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የዓዲ ሓቂ ግቢ ሕግ የሚማሩ ተማሪዎች ማንም ሰው በመልኩ ብቻ ሊፈረድበት እንደማይገባ ያውቃሉ። ይኸው መርሕ በማይክሮስኮፕ ሥር ለሚታይ ሕዋስም ይሠራል እንላለን።

ከፕሮስቴት ዕጢ በመርፌ በሚወሰድ ናሙና ውስጥ፣ ከአጠገቡ ካለው የዘር ፈሳሽ ከረጢት የመጡ ሕዋሳት አንዳንድ ጊዜ ይቀላቀላሉ። የእነዚህ ሕዋሳት ኒውክለስ ከዕድሜ ጋር ይገዝፋል፣ ይጠቁራል፣ ቅርጹም ይዛባል፤ ካንሰርም ይመስላል። ነገር ግን ሕዋሳቱ ሲከፋፈሉ እምብዛም አይታዩም፤ ሊፖፈሲን የተባለ ወርቅማ ቡናማ ቅንጣትም ይይዛሉ። እነዚህ ምልክቶች በአንድነት ሲገኙ የሚጠቁሙት እርጅናን ነው።

በስሕተት ካንሰር አለብዎ የተባሉ አዛውንት ለማያስፈልጋቸው ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር ይዳረጋሉ። ስለዚህ የሳይንስ ተማሪ ስም ከመስጠቱ በፊት ማስረጃውን ሁሉ ይመርምር።