አውሮፕላኑ ለማን ደረሰ?

በፊልም ወዳጆች ጨዋታ ላይ ደጋግሞ የሚነሳ አባባል አለ። «ግሪፍዝ ዘረኛ ነበር፤ የፊልምን ሰዋስው ያስተማረን ግን እሱ ነው» ይባላል። ከዚያ ዘረኝነቱ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ይታለፍና ስለ ካሜራው፣ ስለ ጦር ሜዳው ትዕይንት፣ ስለ ኤዲቲንጉ ሰዓት ሙሉ ይወራል። ላይ ላዩን ሲያዩት ፍርደ ሚዛናዊ ይመስላል። ይህ ጸሐፊ ግን አባይ ሚዛን ነው ይላል።

እስቲ ፊልሙን እንየው። ዲ. ደብሊው. ግሪፍዝ እ.ኤ.አ. በ1915 ያወጣው «የአንድ ሕዝብ ልደት» ከቶማስ ዲክሰን ልብ ወለድ የተቀዳ፣ ሦስት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ድምፅ አልባ ፊልም ነው። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ነፃ የወጡትን ጥቁሮች ሰነፍ፣ አውሬና ሴት ደፋሪ አድርጎ ይስላል። ዋና ዋናዎቹን ጥቁር ገጸ ባሕርያት የሚጫወቱትም ፊታቸውን ጥላሸት የተቀቡ ነጮች ናቸው። ነፍስ አዳኙስ ማን ነው? ኩ ክሉክስ ክላን! በመደምደሚያው ላይ የተከበቡት ነጮችና በፈረስ የሚጋልቡት ባለ ነጭ ቀሚስ ክላኖች እየተፈራረቁ ይታያሉ። ደረሱ፣ አልደረሱም እያለ የተመልካቹ ልብ ይሰቀላል። ሲደርሱ «እፎይ!» ይላል።

እንግዲህ ልብ በል፣ አንባቢ ሆይ! ጥበቡ የት ላይ ነው? መርዙስ? ሁለቱም ያሉት እዚያችው መፈራረቅ ውስጥ ነው። በንግግር ቢነገረው አሻፈረኝ የሚል ሰው እንኳ ልቡ ሲሰቀል አእምሮውን ይረሳል። «ጥበቡን እናድንቅ፣ መርዙን እንተው» ማለት ጠላውን ጠጥቼ ጌሾውን እተዋለሁ እንደማለት ነው።

ጉዳቱም በሐሳብ ደረጃ የቀረ አልነበረም። ፊልሙ በዋይት ሐውስ ለፕሬዚዳንት ዊልሰን ታየ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዊልያም ሲመንስ የሚባል ሰው ጥቂት ተከታዮቹን ይዞ አትላንታ አጠገብ በሚገኘው ስቶን ማውንቴን ላይ መስቀል አቃጠለና ሞቶ የነበረውን ክላን አስነሳ። መስቀል ማቃጠሉ የቀድሞዎቹ ክላኖች ልማድ አልነበረም፤ ከዲክሰን ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። በ1920ዎቹ የክላኑ አባላት በሚሊዮን ይቆጠሩ ነበር፤ ፊልሙንም ለዓመታት አባል መመልመያ አደረጉት። ጥቁር አሜሪካውያን ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1909 የተመሠረተው ማኅበራቸው ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. ፊልሙ እንዲታገድ ታገለ፤ ኦስካር ሚሾ ደግሞ በ1920 ስለ ጥቁሮች መገደል የራሱን ፊልም ሠራ።

«ይህ የአሜሪካኖች ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1938 «ሉቺያኖ ሴራ ፓይለት» የተባለ የኢጣልያ ፊልም ወጣ። ከፊሉ የተቀረጸው እዚሁ በተወረረችው ሀገራችን ነው። የበላይ ተቆጣጣሪው የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ነበር፤ ያውም በ1928 ዓ.ም. ጦርነት አውሮፕላን እያበረረ ቦምብ ሲጥልብን የነበረው። በመደምደሚያው ኢጣልያኖችን የጫነ ባቡር በኢትዮጵያውያን ይከበባል። ጀግናው የቆሰለ ልጁን አውሮፕላን አስነስቶ ለተከበቡት እርዳታ ያስመጣና ራሱ ይሞታል። የግሪፍዝ ፈረስ ክንፍ አበቀለ፤ ከባቢው አውሬ ደግሞ እኛ ሆንን! ያ አውሮፕላን በማይጨውና በተምቤን ሕዝብ ላይ የመርዝ ጭስ ይረጭ እንደነበር ፊልሙ አይናገርም። በዚያው ዓመት በቬኒስ ፌስቲቫል የሙሶሊኒን ዋንጫ ከሌኒ ሪፈንሽታል «ኦሊምፒያ» ጋር ተካፈለ። ከጽሑፉ ተባባሪዎች አንዱ ሮቤርቶ ሮሴሊኒ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ በ«ሮም፣ ክፍት ከተማ» ዓለም ያጨበጨበለት። ሮሴሊኒን የምናደንቅ ስንቶቻችን ነን ይህን የምናነሳው? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ አበው። እኛ ግን ተወግተንም ረሳን።

መርዙ የተወጊውን ልጅ ራሱን ከወጊው ጎን ማሰለፉ ደግሞ የባሰው ነው። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በልጅነታቸው በጎንደር ተራሮች ላይ ከጓደኞቻቸው ጋር የካውቦይ ጨዋታ ሲጫወቱ ሕንዶቹ እንዲያሸንፉ እንደማይፈልጉ፣ አፍሪካውያን በታርዛን ጀርባ ሲያደቡም እሱን ለማስጠንቀቅ ይጮኹ እንደነበር ተናግረዋል። «ሳንኮፋ»ን፣ «አድዋ»ንና «ጤዛ»ን የሠሩት ከዚያ ጩኸት ነቅተው ነው።

እርግጥ ነው፣ መሣሪያ ጌታውን ይለውጣል። የሶቪየቶቹ እነ አይዘንሽታይን ከግሪፍዝ ተምረው ለሠራተኛው መደብ ተጠቀሙበት። ስለዚህ ፊልሙ ይታገድ፣ ይቃጠል አልልም። ይታይ! ግን ሲታይ ይበለት። ፊትና ስም የተሰጠው ለማን ነው? ያለ ስም በጅምላ የሚሮጠው ማን ነው? የማንን መድረስ ነው የምንጠብቀው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ያላስተማረ የፊልም መምህር የጠመንጃ ቃታ አሳይቶ አፈሙዙ ወዴት እንደዞረ የደበቀ ሰው ነው።

ጥያቄው የፈረንጅን ፊልም ብቻ አይመለከትም። ዛሬ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ አንድ ወጣት በእጅ ስልኩ ቀርጾና ቆራርጦ ሳይመሽ ለሺዎች ማድረስ ይችላል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከሽቦ አልባው ቴሌግራፍ ነው፤ በአየር የሚመጣ ነገር ደግሞ በር አያንኳኳም። ገጠሬውን በአነጋገሩ፣ ጠቆር ያለውን በመልኩ፣ አንዱን ብሔረሰብ በጅምላ መሳለቂያ ወይም አውሬ የሚያደርግ ቀልድና ድራማ በገዛ እጃችን ስንሠራ ማን ነው አስተማሪያችን? ትናንት የተሳቀበት ጎረቤት ዛሬ ሲሳደድ አላየንም?

ካሜራ ያነሳህ ወንድሜ፣ ያነሳሽ እህቴ፣ ጥበቡን ተማሩት፤ ይገባችኋል። ነገር ግን አዳኙን በፈረስም ሆነ በአውሮፕላን ከመላካችሁ በፊት፣ ከማን ሊያድን እንደሚሄድ ተጠየቁ።