ሃሎውኔስትን ማን ጣላት?

ሃሎውኔስት ከምድር በታች የተቆረቆረች የነፍሳት መንግሥት ናት። የምትገኘው «ሃሎው ናይት» በተባለው የቪዲዮ ጌም ውስጥ ነው፤ ጌሙን የሠራው መቀመጫውን በአውስትራሊያዋ አዴሌድ ከተማ ያደረገው ቲም ቼሪ የተባለ አነስተኛ ቡድን ሲሆን፣ ለገበያ የበቃውም እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ተጫዋቹ ሲደርስ መንግሥቲቱ ወድቃለች። ከላይ የቀረችው ደርትማውዝ የምትባል ጭር ያለች መንደር ብቻ ናት።

«ለወደቀ የጉንዳን ቤተ መንግሥት ታሪክ ምን ይሠራለታል?» ይላል የዓምዱ ጸሐፊ ወዳጅ። «ጌም ማለት ጠላትህን መትተህ ማለፍ ነው።»

ታሪኩን ያላወቀ ተጫዋች ግን ማንን እንደሚመታ አያውቅም። ጌሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚተርክለት ሰው የለውም፤ ያለፈው ነገር የሚለቀመው ከተቀረጹ ድንጋዮች፣ ከሙታን ሕልምና ከፍርስራሽ ነው። ከድንጋዮቹ ብዙዎቹ የሚናገሩት በንጉሡ አፍ ነው። ፍርስራሹ ሌላ ይናገራል። ጸሐፊው የሚያምነው ፍርስራሹን ነው፤ መንግሥቲቱን ከመታት ወረርሽኝ በፊት የጣላት አገዛዟ ነው ይላል።

ከንጉሡ በፊት የእሳት እራቶች ወገን ራዲያንስ የምትባል፣ በሕልም ውስጥ የምትኖር የብርሃን አምላክ ነበረችው። ከዚያ ዋይርም የሚባል ግዙፍ ፍጡር መጥቶ በምድሪቱ ጠረፍ ሞተ፤ ከሬሳውም የገረጣው ንጉሥ ተወለደ። ሬሳው ዛሬም እዚያው ተጋድሟል፤ በጠረፉ ላይ በረዶ መስሎ የሚወርደው ከእሱ የሚረግፍ አመድ ነው። ንጉሡ ለነፍሳቱ አእምሮ ሰጣቸው፣ ዝናብ የማያባራባትን ታላቅ ከተማ አቆመ፣ ተሳፋሪ ተሸክመው የሚሮጡ ቀንዳም ጥንዚዛዎችን በየጣቢያው አሰማራ። የዚያች ከተማ ዝናብ ከላይ ካለው ሰማያዊ ሐይቅ የሚንጠባጠብ ውኃ ነው። ከጥንዚዛዎቹ ዛሬ በየጣቢያው ሲጠሩት የሚመጣው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው።

ሁሉም አልገበረለትም። ማንቲሶች ራሳቸውን በራሳቸው ሲያስተዳድሩ ኖረዋል፤ የሸረሪቶቹ አገር ዲፕኔስትም ንግሥቷን ሄራን ይዛ ቆየች። ንጉሡ ወደዚያ የጀመረው የባቡር መስመር መሃል ላይ ተቋርጦ ቀርቷል።

የእሳት እራቶቹ ግን ከአምላካቸው ዞረው ለንጉሡ አደሩ። ራዲያንስ ተረሳች። ጸሐፊው የውድቀቱን መነሻ እዚህ ላይ ያገኘዋል፦ አዲሱ ብርሃን ሌላ ብርሃን አጠገቡ እንዲበራ አልፈቀደም።

«ማን አስገደዳቸው?» ወዳጁ ነገሩን ያዘው። «የመጨረሻዋን የእሳት እራት አሮጊት ጠይቃት። እኛው ነን ጀርባ የሰጠናት ነው የምትልህ። ሰይፍ የመዘዘ ወታደር የት አየህ? አንተ ንጉሥ ካየህ መክሰስ ትወዳለህ።»

ነጥቡ የወዳጁ ነው። አሮጊቷ የምትወቅሰው የገዛ ወገኗን ነው። ሆኖም መርሳቱ ሙሉ አልነበረም። በክሪስታሉ ተራራ ጫፍ ላይ የጥንቷ አምላክ ሐውልት ቆሞ ቀርቷል፤ ትዝታዋም በሹክሹክታ ቆየ። ቀስ በቀስ አገሩ በሙሉ ስለ እሷ ያልም ጀመር። ያለመ አእምሮውን ሳተ፣ ሥጋውም ብርቱካናማ በሆነ መግል ተሞላ፤ የሞተውም ተነሥቶ መራመዱን ቀጠለ።

ንጉሡ ያገኘው መድኃኒት ከሁሉም የከፋ ነው። ከነጯ እመቤት የወለዳቸውን ልጆች በምድር ሆድ ውስጥ ላለው ጥቁር ባዶነት አሳልፎ ሰጠ። የሚፈልገው አእምሮ፣ ፈቃድና ድምፅ የሌለው መያዣ ነበር፤ የማያስብ ፍጡር ሊያልም አይችልምና ራዲያንስን በውስጡ ቆልፎ ለማስቀረት አሰበ። ከጉድጓዱ ወጥቶ የተመረጠው ባዶው ጦረኛ ሆነ። የሌሎቹ ቅርፊት እስከ ዛሬ እዚያ ተከምሯል፤ በሩም በላያቸው ተዘጋ። ባዶው ጦረኛ በታሰረበት ቤተ መቅደስ ማኅተም ላይ ሦስት ባለ ሕልሞች ለዘላለም እንዲተኙ ተደረገ፦ መምህሯ ሞኖሞን፣ ጠባቂው ሉሪየንና ሄራ።

«ታዲያ ምን ያድርግ?» አለ ወዳጁ፣ ከዚህም በኋላ ክርክሩ ሁሉ የዚህ ጥያቄ ሆነ። «በሕልም የሚገባን በሽታ በየትኛው ጦር ትመክተዋለህ? አገር ሙሉ እያለቀ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ? ሦስቱ ባለ ሕልሞች እኮ ወደው ነው የተኙት። ሄራማ ተደራድራ ነው፤ ከንጉሡ ልጅ ይወለድልኝ ብላ ሆርኔትን አግኝታለች።»

ሦስቱ ወደው ተኝተዋል። ልጆቹን ግን የጠየቃቸው የለም።

«ማሰብ የማይችልን ምን ብለህ ትጠይቀዋለህ?»

ማሰብ አለመቻላቸውን ንጉሡ ገምቶ እንጂ አረጋግጦ አልነበረም፤ ግምቱም ስሕተት ሆነ። በነጩ ቤተ መንግሥት እጅግ አስቸጋሪ በሆነው መንገድ ጫፍ ላይ አንድ ትዝታ ተደብቋል፦ ሕፃኑ ጦረኛ ከንጉሡ ጎን ቆሞ ቀና ብሎ ያየዋል። ከዚያ የሚገኘው ፍንጭ ባዶው ጦረኛ ባዶ እንዳልነበር ነው። አባቱን ወደደ፤ በዚያች ስንጥቅ ራዲያንስ ሾልካ ወጣች።

«እንግዲያው ያንተ ጨካኝ ንጉሥ ልጁን ይወድ ነበር ማለት ነው» ብሎ ወዳጁ ሳቀ። «ዕቅዱን ያፈረሰው ፍቅር ከሆነ፣ አምባገነን የምትለው ሰው የቱ ነው?»

ቢወድስ? የወደደውን አሳድጎ በሰንሰለት ያንጠለጠለ ሰው፣ ሳያውቅ ካደረገው ይልቅ በደሉ ይከብዳል። ማኅተሙ እየላላ ሲሄድ ደግሞ ለሕዝቡ እውነቱን የሚያስረዳ ቃል አልተወም፤ ቤተ መንግሥቱን ይዞ ወደ ሕልም ውስጥ ተሰወረ። በከተማው አደባባይ ያለው ፏፏቴ ላይ የባዶው ጦረኛ ሐውልት ቆሟል፤ ጽሑፉ በእሱ መሥዋዕትነት ሃሎውኔስት ለዘላለም ትኖራለች ይላል። በዙሪያው የሚንከላወሱት የከተማዋ ሙታን ናቸው።

ወዳጁ አንድ ክርክር ቀርቶታል፦ ከጌሙ ፍጻሜዎች በአንደኛው ራዲያንስ ስትጠፋ ወረርሽኙም አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ጥፋቱ የእሷ ነበር። ሺዎችን የገደለች መሆኗን ማንም አይክድም። ያጠፏት ግን እነማን ናቸው? አንደኛው በሕፃንነቱ እስከ ጉድጓዱ አፋፍ ወጥቶ ተመልሶ የወደቀው፣ ንጉሡ ያልመረጠው ልጅ ነው፤ ተጫዋቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚመራውም እሱን ነው። ሁለተኛው ያው በሰንሰለት የተንጠለጠለው ወንድሙ ነው። በሌላ ፍጻሜ ደግሞ ትንሹ በወንድሙ ቦታ ይታሰራል፤ የንጉሡ ዕቅድም እንደ አዲስ ይጀመራል።

ወዳጁ አሁንም ራዲያንስን እንደከሰሰ ነው። ጸሐፊው ግን የሃሎውኔስት የመጀመሪያ ተጠያቂ ንጉሡ ነው ይላል። ጌሙን የሚጀምር አንባቢ ፏፏቴው ዘንድ ሲደርስ ጽሑፉን ያንብብና፣ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ የተከመረውን አይቶ ይፍረድ።