ሌሊት የሚገለበጠው አፈር፦ ቅጣቱ ማንን ነው የሚይዘው?

በ2017 ዓ.ም አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ በፓርላማ ሲጸድቅ ስልካችንን የሞላው አንድ ዜና ነበር፦ ፌስታል ሲጠቀም የተገኘ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። ሁላችንም ስለ ፌስታል አወራን። ስለ ሲኖትራክ ግን ብዙም አልተወራም።

አዲስ አበባ ውስጥ ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ቤት ይፈርሳል፣ መሠረት ይቆፈራል። አፈሩንና ፍርስራሹን የሚያነሳው ገልባጭ ቶሎ ጨርሶ ለሌላ ምልልስ መመለስ አለበት። የተፈቀደው መድፊያ ሩቅ ነው፤ ነዳጅም ጊዜም ይበላል። ስለዚህ በጨለማ ወንዝ ዳር ወይም ባዶ ቦታ ላይ ገልብጦ መመለስ ያዋጣዋል። ክረምት ሲገባ ያ አፈር ወደ ቱቦውና ወደ ወንዙ ይወርዳል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ደግሞ ታች ሰፈር ያለ ሰው ቤት ይገባል።

ሕግ የለም እንዳትሉ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 519፣ ሕግ ጥሶ በካይ ነገር ወደ አካባቢ የለቀቀን ሰው እስከ 10,000 ብር ወይም እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። በሰው ጤና ወይም ሕይወት ላይ ከባድ ጉዳት ከደረሰ እስራቱ እስከ 10 ዓመት ይሄዳል።

ታዲያ ችግሩ የት ጋ ነው? እኛ ሁለት ቀዳዳ ይታየናል።

አንደኛ፣ 10,000 ብር በ1996 እና ዛሬ አንድ አይደለም። ፎቅ ለሚያቆም ባለሀብት ይሄ ቅጣት ሳይሆን ተራ ወጪ ነው።

ሁለተኛ፣ ሌሊት እጅ ከፍንጅ የሚያዘው ሹፌሩ ነው። አፈሩ የማን እንደሆነ ካልተጠየቀ፣ ባለቤቱ በነጋታው ሌላ መኪና ይጠራል።

መፍትሔው ደግሞ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ቀድሞ የነበረው አዋጅ ቁጥር 513/1999፣ የግንባታ ፍርስራሽና የቁፋሮ አፈር በየቦታው እንዳይጣል ከተሞች አስቀድመው ዋስትና መጠየቅ እንዲችሉ በር ከፍቶ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ግንባታ ስትጀምር ገንዘብ ታስይዛለህ፣ አፈሩን በትክክለኛው ቦታ መድፋትህን በደረሰኝ ታሳያለህ፣ ገንዘብህን ትወስዳለህ። ካላሳየህ ከተማው በዚያው ብር ያስጠርግበታል። ሌሊት መኪና ማሳደድ አያስፈልግም፤ አምልጦ የሚጠፋ ሰውም የለም።

ከፌስታል በላይ መጠየቅ ያለብን ይሄንን ነው፦ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ አፈሩ የት እንደሚሄድ ይጠይቃል ወይ?

እናንተም ሲገለበጥ ካያችሁ ራሳችሁን ሳታጋልጡ ጠቁሙ። ግን ታርጋው ብቻ አይበቃም፤ ከየትኛው ሳይት እንደመጣም ተናገሩ። ቅጣቱ ባለቤቱ ጋ የሚደርሰው ያኔ ነው።