ፌጦው ምን በደለ?

ዝቋላ ስንላችሁ የቢሾፍቱው አቦ ትዝ ያላችሁ ሁሉ ተመለሱ! የዛሬው ዝቋላ ዋግ ኽምራ ነው፤ ወደ ተከዜ የሚወርደው፣ በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ክፉኛ የተመታው ወረዳ። (የአገሪቱ የዶሮ ክትባት የሚመረተው ግን ቢሾፍቱ፣ በዚያኛው ዝቋላ ሰፈር ነው። የሁለቱ ዝቋላዎች መንገድ ረጅም ነው።)

ጉዳያችን ዶሮ ነው። ዶሮ ሲባል ወጡ ብቻ የሚታየን የከተማ ልጆች ብንሆንም፣ እዚያ እንቁላል የደብተር መግዣ ነው፣ የጨው ነው፣ የሕፃን ምግብም ነው። መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. አስቀራለሁ ብሎ በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለው በከንቱ አይደለም።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ «የሌማት ትሩፋት» መጣልን። ጫጩት ሲታደል ካሜራ አይጠፋም። ጫጩቶቹ ከሳምንታት በኋላ ላባቸውን አንጨፍርረው ደም የቀላቀለ ሲያስቀምጣቸው ግን ካሜራው የለም። በሽታው ኮክሲዲዮሲስ ይባላል። ኤሜሪያ የተባለ በዓይን የማይታይ ጥገኛ አንጀት ውስጥ ይራባል፤ ከኩስ ጋር የወጣው ዘሩ ሞቃትና እርጥብ ጉዝጓዝ ካገኘ በአንድ ሁለት ቀን ሌላዋን ለመያዝ ይደርሳል። መንደሩ ግን ዶሮ የገደለውን ሁሉ «ፈንግል» ብሎ ይቀብረዋል።

እናት ታዲያ ምን ታድርግ? ነጭ ሽንኩርት ትወቅጣለች፣ ፌጦ ትፈጫለች፣ ከጥሬው ጋር ለውሳ ትሰጣለች።

ጠባችን እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን «ኋላ ቀርነት!» ብሎ ይስቅባታል። ይኸው ሰው የኦሬጋኖ ዘይት ያለበት የመኖ ማሟያ በፈረንጅ ስም ታሽጎ ሲመጣለት ያጨበጭባል። ፈረንጆቹ ወደ ዕፅዋት የዞሩት ጥገኛው መድኃኒቱን እየለመደ ስላስቸገራቸው ጭምር ነው። የኮሶ አገር ልጅ በቅጠል ሲስቅ አይገርምም?

ሌላው ወገን የባሰ ነው፤ «ተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም» እያለ በቴሌግራም ዱቄት የሚቸበችበው። ኮሶም ተፈጥሮ ነው! ትል ጥሏል፤ ልኩ ሲያልፍ ደግሞ ዓይን እስከማጥፋት ደርሷል። ነጭ ሽንኩርትም ሆነ የአርቲ ዘመዶች በዶሮ ላይ ተሞክረው አንዳንዴ ጉዳቱን ቀንሰዋል፣ አንዳንዴ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አላሳዩም። እውነተኛው ፈንግል ደግሞ ቫይረስ ነው፤ በክትባት እንጂ በፌጦ አይመለስም። (እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ጋዜጠኝነት ተምረን ወጥተን «ተአምረኛው ቅጠል» የሚል ርዕስ ሰጥተን እናውቃለን።)

ሰቆጣ ላይ የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። የምንለምነው ጨረቃን አይደለም። ለአንዱ የጫጩት መንጋ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት፣ ለአንዱ አምፕሮሊየም፣ ለሦስተኛው ምንም ሳይሰጡ ማሳደር፤ ኩሳቸውን በማይክሮስኮፕ አይቶ የጥገኛውን ዘር መቁጠር፤ መልሱን በአማርኛ ሪፖርት ከማሰር ይልቅ በኽምጣንጋ ለባለ ዶሮዋ መንገር። ከሠራ ልኩ ስንት ማንኪያ እንደሆነ፣ ካልሠራም «ተይው፣ ሽንኩርትሽን ለወጥሽ» ብሎ በግልጽ።

እስከዚያው ጉዝጓዙ ይድረቅ፣ ውኃው አይፍሰስበት፣ ጫጩት ከትልልቆቹ ተለይቶ ይደር። ጫጩት የሚያድለውም መኪና መድኃኒቱንና የሚያስረዳ ሰው ጭኖ ይምጣ። ቦታ ከጠበበ ካሜራው ይውረድ።