ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ሽቦው ይለካ

በየሳይቱ የምናየው ነገር ነው። ኤክስካቫተሩ ቢጫ መብራት ያበራል፣ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል። መካኒክ ይጠራል፣ ስካነር ይሰካል፣ «የዘይት ግፊት ሴንሰር» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ወዲያው «ሴንሰር ይገዛ» ይባላል። ተፈልጎ ይመጣል፣ ይገጠማል፣ መብራቱ ግን ተመልሶ ይበራል። «ይሄ ኦሪጅናል አይደለም» ተብሎ ሌላ ይገዛል። እሱም አይሠራም። በመጨረሻ «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» የሚለው ፍርድ ይመጣል። ያን ጊዜ የማሽኑ ባለቤት ራሱን ይይዛል።

ወገን፣ በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ሰው ቴስተር አውጥቶ ሽቦውን ለክቷል ወይ? ብዙ ጊዜ መልሱ «አልለካም» ነው።

እስቲ ኮዱ ምን እንደሚል እንይ። ብዙ ከባድ ማሽኖች ጄ1939 በሚባለው ደረጃ ሁለት ቁጥር ይሰጣሉ። የመጀመሪያው ስለ ምን እንደሚያወራ ይነግረናል፤ 100 የሞተር ዘይት ግፊት ነው፣ 110 የማቀዝቀዣ ውኃ ሙቀት ነው። ሁለተኛው ቁጥር የችግሩን ዓይነት ይነግረናል። 3 ከሆነ ቮልቴጁ ከመጠን በላይ ነው፣ 4 ከሆነ ከመጠን በታች ነው፣ 1 ከሆነ ግን ሴንሰሩ በትክክል እየሠራ ግፊቱ ራሱ በአደገኛ ደረጃ ወርዷል ማለት ነው። ስለዚህ 100-4 የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው፣ 100-1 የሞተሩ የሕይወት ጉዳይ ነው። «የዘይት ግፊት» የሚለውን ብቻ አንብቦ ወደ መለዋወጫ ሱቅ የሚሮጥ ሰው የመልእክቱን ግማሽ ጥሎ ነው የሄደው።

ኮድ 4 ቢሆን እንኳ ሴንሰሩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ የሚያየው በሽቦው የሚደርሰውን ቮልቴጅ ብቻ ነው። ሽቦው ተልጦ ብረት ቢነካ፣ ሶኬቱ ውስጥ ውኃ ቢገባ፣ ፒኑ ቢዝግ ያው ኮድ ሊመጣ ይችላል። የኛን ሳይት ደግሞ እናውቀዋለን። አቧራ አለ፤ ሞተሩ በከፍተኛ ግፊት ውኃ ይታጠባል፤ ሽቦ የሚበላ አይጥ አለ፤ ባትሪ ሳይነቀል ባኬት ላይ ብየዳ ይካሄዳል። ሽቦውን በመርፌ ወግቶ የሚለካም አለ፤ በዚያች ቀዳዳ እርጥበት ገብቶ ከወራት በኋላ ሌላ ብልሽት ይፈጥራል።

የግፊት ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሽቦ አለው፤ አንዱ 5 ቮልት ያመጣል፣ አንዱ መመለሻ ነው፣ አንዱ ምልክቱን ይወስዳል። ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ቁልፍ ተከፍቶ፣ 5 ቮልቱ ይለካ። ከሌለ አሥር አዲስ ሴንሰር ቢገጠም ለውጥ የለም። በብዙ ማሽኖች አንዱ የ5 ቮልት መስመር ለብዙ ሴንሰሮች ይከፋፈላል። አንዱ ሴንሰር ሾርት ካደረገ ሌሎቹም አብረው ኮድ ያወጣሉ። አራት ኮድ ሲወጣ አራት ሴንሰር የሚገዛው ይህን የማያውቅ ነው። የሚያውቀው ሶኬቶቹን አንድ በአንድ እየነቀለ 5 ቮልቱ በየትኛው ላይ እንደሚመለስ ያያል።

የሙቀት ሴንሰርም ቀላል ፈተና አለው። ኮዱ 110-4 ከሆነ ሶኬቱን ንቀሉት። ኮዱ ወደ 3 ከተለወጠ ሽቦውና ኮምፒውተሩ ለውጡን አይተዋል፤ ያን ጊዜ ሴንሰሩን መጠርጠር ተገቢ ነው። በ4 ከቀረ መጀመሪያ የሚፈተሸው ሽቦው ነው።

የባሰው ስህተት ግን የተገላቢጦሹ ነው። ሴንሰር በግምት መለወጥ የለመደ ሳይት እውነተኛውን ማስጠንቀቂያም መናቅ ይጀምራል። 100-1 ሲወጣ ለኦፕሬተሩ «ሴንሰር ነው፣ ሥራህን ቀጥል» ይባላል። ብሮንዚን ሲበላና ክራንክ ሻፍት ሲቧጠጥ ደግሞ ጥፋቱ የኦፕሬተሩ ይሆናል፣ ከደመወዙም ይቆረጣል። ሞተሩን አጥፍቶ የዘይቱን መጠን ማየት፣ ከዚያም የሜካኒካል ጌጅ ገጥሞ እውነተኛውን ግፊት ማንበብ ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር።

ታዲያ ጥፋቱ የመካኒኩ ብቻ ነው? እኔ አይመስለኝም። ብዙ የማሽን ባለቤት ለዕቃ ሳያንገራግር ይከፍላል፣ ለምርመራ ግን እጁ አይፈታም። «ምን ሠራህና ነው? ሽቦ ነካክተህ ነው የምትጠይቀኝ?» ይላል። መካኒኩም ዕቃ ካልተለወጠ ገንዘብ እንደማያገኝ ካወቀ ዕቃ ይለውጣል። ግምቱን የምናበረታታው በኪሳችን ነው።

«ማሽኑ በሰዓት የሚከራይ ነው፣ ለመለካት ጊዜ የለም» የሚሉ አሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። ግን 5 ቮልት መኖሩን ማየት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ሴንሰር ፍለጋ ቀናት ይወስዳል። ዕቃው የሚመጣው በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ብራችን የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ከሌላ ተመሳሳይ ማሽን ሴንሰር ነቅሎ መሞከርም መጥፎ አይደለም፤ የዕቃ ቁጥሩ አንድ ይሁን፣ 5 ቮልቱም አስቀድሞ ይለካ።

ስለዚህ ለባለቤቶች የምለው፦ ለምርመራ ለብቻው ክፈሉ። በምትኩ ወረቀት ጠይቁ፤ ሁለቱ የኮድ ቁጥሮች፣ የተለካው ቮልቴጅ፣ የተገኘው ችግር ይጻፍበት። ያ ወረቀት ሳይኖር ሴንሰር አትግዙ፣ ከኦፕሬተርም ደመወዝ አትቁረጡ። ለመካኒኮች ደግሞ፦ የለካችሁበትን ዋጋ ለመጠየቅ አትፈሩ፣ ሙያችሁ እሱ ነው። አሠልጣኞችም ተማሪው ስካነር መሰካት ስለቻለ ብቻ ብቁ ነው ብላችሁ አታስመርቁት፤ ሽቦ ተከትሎ ብልሽት ያግኝ።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህም ይሠራል።